ሩት ነጋ ዝም ስትል

እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ በከረመችበት ዓመት ማታ ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍታ ስታይ አገኛት ነበር። «ድምፁ ምን ያደርግልኛል» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ ማታ «ላቪንግ» የሚለውን ፊልም ከፈትኩላት። በ2016 ሲኒማ ቤት የገባ ጊዜ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ብቻዬን አይቼው፣ ከዚያ ወዲህ አብሮኝ የሚያየው ሰው ስፈልግ ነበር የቆየሁት። ሐሳቤ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ነገር እየተረጎምኩ ላሳያት ነበር።

አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። «እስቲ ተይኝ» አለች ክንዴን ያዝ አድርጋ። «አትተርጉሚልኝ። ይገባኛል።»

የእውነትም ገብቷታል። ፊልሙ አልቆ ሻይ ሳፈላ ምን እንዳየች ጠየቅኳት። ከሕጉ ጣጣ በቀር ያልነገረችኝ የለም። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ፍርሃቱን እንደዋጠ፣ ልጅቷ መቼ እንደቆረጠች። በተለይ ይቺን የመጨረሻዋን፣ «እዚህ ጋ ቆረጠች» ያለችበትን ቦታ፣ እኔ ሲኒማ ቤት እንግሊዝኛውን ስከታተል አምልጦኝ ነበር።

ልጅቷ ያልኳት ተዋናይቷ ሩት ነጋ ናት። ስለሷ በኛ ሰው መካከል ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ ትውልዷ ላይ ይቆማል። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ሥራዋ ነው። ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጭ በትንሽ ገንዘብ በተሠሩ ፊልሞች ላይ ፊቷን ብቻ ይዛ ስለምትሠራው ነገር።

ትውልዷንም ቢሆን መዝለል አልችልም፣ እማዬ አታስዘልለኝም። ሻይዋን እየጠጣች «ማን ትባላለች?» አለችኝ። ነገርኳት። «ነጋ? የኛ ነጋ? የማን ልጅ ናት?» የማውቀውን ዘረዘርኩላት። አዲስ አበባ ነው የተወለደችው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። አራት ዓመቷ ላይ ከአገር ወጣች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ያደገችው ሊመሪክ በምትባል የአየርላንድ ከተማ ነው፣ ትወና የተማረችው ደግሞ ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ። እማዬ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛ ቀረች። «አባቷን ሳትጠግበው» አለች፣ ብርጭቆዋን እያየች።

በጃንዋሪ 2017 በዚሁ ፊልም ለኦስካር ምርጥ ተዋናይትነት ስትታጭ ፌስቡኩ ሁሉ በፎቶዋ ተሞልቶ ነበር። «የኛ ልጅ» እያልን ተቀባበልነው። እኔም ለጥፌያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁንም ደስ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ግን ከማውቃቸው ሐበሾች ፊልሙን ያየ ስፈልግ ያገኘሁት ሁለት ሰው ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አየርላንዶቹም የኛ ናት ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ እነሱ ዘንድ ነው ያደገችው፣ አነጋገሯም የነሱ ነው። እኛም የኛ የምንላት ከሆነ ቢያንስ አንድ ምሽት ቁጭ ብለን ሥራዋን ማየት አለብን ባይ ነኝ።

የፊልሙ ታሪክ እውነተኛ ነው። ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ ነው፣ ግንበኛ። ሚልድረድ ጥቁር ናት፣ የአገሩ የነባር ሕዝቦች ደምም አለባት። ያደጉት ሴንትራል ፖይንት በምትባል የቨርጂኒያ ገጠር ነው፣ ካሮላይን ካውንቲ ውስጥ። የቨርጂኒያ የ1924 ሕግ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ስለሚከለክል በጁን 1958 ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋቡ። ተመልሰው ስድስት ሳምንት እንኳ በሰላም አልተኙም፤ ሸሪፉ ሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብቶ አሰራቸው። ዳኛው የአንድ ዓመት እስር ፈርዶ፣ ከቨርጂኒያ ወጥታችሁ 25 ዓመት አብራችሁ ካልተመለሳችሁ እስሩ ይቀርላችኋል አላቸው። ዋሽንግተን ገቡ። በ1963 ሚልድረድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ለሮበርት ኬኔዲ፣ ደብዳቤ ጻፈች፤ በዚያ ሰበብ ጠበቃ ተገኘ። ጁን 12 ቀን 1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ ሕጉን ሻረው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች ገና 16 ነበሩ።

እንዲህ ያለ ታሪክ እጁ የገባለት ዳይሬክተር ብዙውን ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሮጠው። ጠበቃ ተነስቶ ይናገራል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አዳራሹ ያለቅሳል። ጄፍ ኒኮልስ ይሄን አላደረገም። ችሎቱን ነካ አድርጎ ብቻ ያልፈዋል። እውነተኞቹ ባልና ሚስትም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክር ላይ አልተገኙም፣ ስለዚህ ካሜራውም ከነሱ ጋር ቤት ቀረ። ሳህን ሲታጠብ፣ ልብስ ሲሰጣ፣ ልጅ ሲታቀፍ ያያል። ፊልሙ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የፈጀው፣ ይሄ ለአሜሪካ ፊልም ትንሽ ገንዘብ ነው። በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ዓይን የሚያጥበረብር ነገር መግዛት አይችልም። ያለው ሀብት የሰው ፊት ነው። እዚያ ፊት ላይ ነገር ከሌለ ፊልሙ የለም።

የሚጀምረውም በሩት ነጋ ፊት ነው፣ ሚልድረድን የምትጫወተው እሷ ናት። ጨለማ ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፣ የሌሊት ነፍሳት ይጮሃሉ። «አርግዣለሁ» ትላለች። ከዚያ ዝም ይባላል። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ ግን ረጅም ነው፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ፈንዲሻውን ማኘክ አቁሞ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሩት ነጋ ምንም የምታደርግ አይመስልም። አታለቅስም፣ ከንፈሯን አትነክስም። ዓይኗ ብቻ የሪቻርድን ፊት ይፈትሻል፣ ይፈራል፣ ፍርሃቱን ደግሞ ሊደብቅ ይታገላል፣ ምክንያቱም ይሄን ሰው ማስጨነቅ አትፈልግም። ሪቻርድ በመጨረሻ «ጥሩ ነው» ይላል። በቃ ይቺው ናት። ፊቷ ግን ቀስ ብሎ ሲፈታ ታያላችሁ፣ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ጉንጯ፣ መጨረሻ ላይ ፈገግታው ይመጣል። እማዬ «ተይኝ» ያለችኝ እዚህ ጋ ነው።

ሌሊት ሸሪፉ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የእጅ ባትሪው ብርሃን አልጋው ላይ ሲወድቅ «እንዲህ ነው የሚገቡት» አለች በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። በቀይ ሽብር ጊዜ ታናሽ ወንድሟን ከቤት የወሰዱት በሌሊት ነው። ስለዚያ ሌሊት በሕይወቴ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው ስታወራ የሰማኋት፣ አሁንም አላወራችም። ዝም ብላ የሚልድረድን ፊት ታያለች። ሚልድረድ «ሚስቱ ነኝ» ትላለች። ድምፅዋ ይሰማል አይሰማም። ሌላ ተዋናይ ይቺን ቃል ትጮኽባት ነበር፣ ወይ እያለቀሰች ትላት ነበር፤ ሩት ነጋ ግን እውነት የሆነ ነገር ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው አድርጋ ብቻ ነው የምትላት። እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ሌሊት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው መጮህ የት አባቱ ይችላል? መጀመሪያ የሚመጣው እንዲያ ያለ ድምፅ ነው።

ሌላው እማዬን የያዛት የመውለጃዋ ነገር ነው። ሚልድረድ ከዋሽንግተን ተደብቃ ወደ ቨርጂኒያ ትመለሳለች፣ ምክንያቱም የሪቻርድ እናት አዋላጅ ናቸው፣ በሳቸው እጅ መውለድ ትፈልጋለች። ሕጉን ጥሳ፣ መታሰር እንዳለ እያወቀች። ለፈረንጅ ተመልካች ይሄ ምናልባት ግትርነት ሊመስል ይችላል። ለእማዬ ሌላ መንገድ አልነበረም። «ታዲያ የት ልትወልድ ኖሯል? ማን ሊያርሳት?» አለች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን እዚህ ስወልድ ቪዛ አላገኘችም ነበር፤ አራስ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ገንፎውንም ያገነፋሁት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ሁለታችንም ያንን ቦታ ሳንተያይ ነው ያየነው።

«እዚህ ጋ ቆረጠች» ያለችው ደግሞ ልጃቸውን ዋሽንግተን መንገድ ላይ መኪና የገጨው ጊዜ ነው። ልጁ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ሚልድረድ ከዚህ ከተማ እንወጣለን፣ ልጆቼን እዚህ አላሳድግም ትላለች። እኔ ቆራጥነቱን ከቃሉ ጋር ነበር የያዝኩት። እማዬ ግን ቃሉን አልሰማችም፣ ስለዚህ ያየችው ከቃሉ በፊት ያለውን ነው። ሚልድረድ ገና አፏን ሳትከፍት ነገሩ አልቋል። እስከዚያ ድረስ ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ ወደ መሬት ነበር የምታየው፣ ኋላ ነው ቀና የምትለው። እዚህ ጋ ግን ቀና ብላ ነው የምትጀምረው። እንደገና ሳየው እማዬ ልክ ናት።

እውነተኛዋን ሚልድረድ ናንሲ ቡርስኪ በሠራችው ዘጋቢ ፊልም ላይ አይቻታለሁ፣ የ60ዎቹ ምስሎች አሉት። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ትንሽ ዓይን አፋር የሆነች ሴት ናት። ሩት ነጋ ድምፁንም አንገት አጣጣሉንም ወስዳዋለች። ግን ከዚያ አልፋ ሄዳለች፤ የሰው ድምፅ መቅዳት ብዙ ሰው ይችላል። ከባዱ ነገር የዚያችን ሴት ትሕትና ደካማነት ሳያስመስሉ ማሳየት ነው። እኛ አገር እንዲህ ያሉ ሴቶች ሞልተዋል። አይጮሁም፣ አይከራከሩም፣ ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው ቡና ያፈላሉ፣ ያሰቡትን ነገር ግን ከማድረግ የሚመልሳቸው የለም። ስታያቸው የተሸነፉ ይመስሉሃል።

ፍርዱ የሚሰማበት ቦታ ላይ ይሄ በደንብ ይወጣል። ስልክ ይደወላል፣ ጠበቃው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገር ነው፣ የአገሪቱን ሕግ የቀየረ ነገር ነው። እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። እሷ ስልኩን ይዛ ታዳምጣለች፣ ታመሰግናለች። ሁሉ ነገር በዓይኗ ያልፋል። እዚህ ቦታ ላይ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ካሮላይን ካውንቲ ከአሌክሳንድሪያ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። እማዬ ከተመለሰች በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጃለሁ፣ ቦውሊንግ ግሪን ድረስ፣ የካውንቲው ፍርድ ቤት ያለበት። ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሸክላ ጡብ ሕንፃ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ሰው አልነበረም። ብዙ አልቆየሁም። እኛ ሐበሾች በብዛት የሠፈርንባት ቨርጂኒያ ያቺው ቨርጂኒያ ናት። ጎረቤቶቼ ነጭና ጥቁር ባልና ሚስት ናቸው፣ ልጆቻቸው ከልጄ ጋር ብስክሌት ይነዳሉ። ይሄንን ቀድሞ አስቤው አላውቅም ነበር። እንዳስበው ያደረገኝ የሩት ነጋ ፊት ነው።

አንድ ነገር ልበል፣ ከልብ የማዝንበት ስለሆነ። የኛ ፊልሞች ላይ ጎበዝ ጎበዝ ተዋንያን አሉን፣ ፊታቸው ሰባት ነገር የሚናገር። ግን ዝም እንዲሉ አይፈቀድላቸውም። ልጅቷ ካዘነች «አዘንኩ» ማለት አለባት፣ ከዚያ ጓደኛዋ «ምነው አዘንሽ» ትላታለች፣ ከዚያ ዋሽንቱ ይገባል። ተመልካቹ አይገባውም ተብሎ ይፈራል። እማዬ የማታውቀውን ቋንቋ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትላዋለች። የሚገባው ሕዝብ አለን።

እና ሩት ነጋ ድንገት የመጣች አይደለችም፣ ይሄ መባል አለበት። በ2004 «ካፒታል ሌተርስ» በምትባል ትንሽ የአየርላንድ ፊልም ነው የጀመረችው፣ ደብሊን የደረሰች በሕገወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ የገባች አፍሪካዊት ሆና። ዳይሬክተሩ ኒል ጆርዳን እዚያ ላይ አይቷት በ2005 «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» ላይ አስገባት። ከዚያ ቲያትር፣ ቴሌቪዥን፣ ትንሽ ትንሽ ሚና። «12 ዓመት ባሪያ» ላይ ተቀርጻ ክፍሏ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ፊልሙ ኦስካር ሲወስድ እሷ ውስጡ አልነበረችም። በ2015 «አዮና» የሚባል የስኮትላንድ ፊልም ሠራች፣ ልጇን ይዛ ወዳደገችባት ደሴት የምትሸሽ እናት ሆና፣ እሱን ብዙ ሰው አላየውም። ባሕር፣ ንፋስ፣ ጸሎት፣ ምስጢር የያዘች ሴት። እኔ የደረስኩበት ከ«ላቪንግ» በኋላ ወደ ኋላ ስፈልግ ነው፣ ፊልሙ ራሱ ትንሽ ያዘግማል፣ ግን የሚልድረድ ዝምታ ከየት እንደመጣ እዚያ ላይ ታያላችሁ። ሰው ከ10 ዓመት በላይ እንዲህ ሲሠራ ቆይቶ ነው አንድ ቀን ስሙ ኦስካር ላይ የሚጠራው። ኦስካሩን ኤማ ስቶን ወሰደችው። ሩት ነጋ በዚያ ምሽት ቀይ ቀሚስ ለብሳ ደረቷ ላይ ሰማያዊ ሪባን አድርጋ ነበር፣ የላቪንጎችን ጉዳይ የያዘው የሲቪል ነጻነቶች ማኅበር ሪባን። ከዚያ በኋላ በ2018 ደብሊን ተመልሳ መድረክ ላይ ሐምሌትን ተጫወተች። ዝነኛ ከሆኑ በኋላ እንዲህ ያለ ምርጫ የሚመርጡ ሰዎች ደስ ይሉኛል።

አሁን ስለ «ፓሲንግ»። ይሄኛው ላይ ረጅም ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ጊዜ ሳየው አልወደድኳትም።

ፊልሙ ከኔላ ላርሰን የ1929 ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሬቤካ ሆል ናት የሠራችው፣ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራዋ ነው። የራሷ የእናቷ አባት ጥቁር ሆኖ እንደ ነጭ የኖረ ሰው ነው፣ ስለዚህ ለሷ የቤት ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 2021 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ በኖቬምበር ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ሙሉው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምስሉም እንደ ድሮ ፎቶ ጠበብ ያለ። ቴሳ ቶምፕሰን አይሪንን ሆናለች፣ ሃርለም በሚባለው የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር የምትኖር የሐኪም ሚስት። ሩት ነጋ ክሌርን። ክሌር መልኳ ስለፈቀደላት ነጭ ነኝ ብላ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ጥቁሮችን የሚጠላ ነጭ ሀብታም ነው፣ ሚስቱ ማን እንደሆነች አያውቅም።

ከሚልድረድ በኋላ ዝምታ ነበር የጠበቅኩት። ክሌር ግን ዝም አትልም። ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ትሽኮረመማለች፣ ፀጉሯን ብሎንድ አድርጋ ክፍሉን ሁሉ ትሞላዋለች። ድምፅዋ ቀጭንና የተቀባባ ነው። በጣም በዛ ብዬ ነበር። ትወና ትወና ሸተተኝ።

ከወር በኋላ ሥራ ቦታ ስልክ እያነሳሁ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ቀጠሮ ያዥ ነኝ። በዚያን ቀን ትምህርት ስላልነበረ ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር፣ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። ስልኩን ስዘጋው «እማ፣ ያ ድምፅ የማን ነው?» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። የምን ድምፅ ብዬ ስጠይቃት አስመስላ አሳየችኝ። ከፍ ያለ፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚስቅ። ያ የኔ ድምፅ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ ስሜ ለመጥራት ከበዳቸውና ሌላ ስም አወጡልኝ። ሦስት ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ፣ አቤት እያልኩ። ድምፁ ከዚያ ስም ጋር አብሮ የመጣ ነው መሰለኝ። ስሙን ስጥለው ድምፁ ቀረ።

ያን ማታ «ፓሲንግ»ን እንደገና ከፈትኩት።

ትወና ትወና የሸተተኝ ክሌር ራሷ ትወና ላይ ስለሆነች ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መድረክ ላይ ናት፣ ባሏ ፊት፣ አሳላፊው ፊት፣ መስታወት ፊት። ሩት ነጋ የምትጫወተው ሁለት ሰው ነው፤ ክሌርንና ክሌር የምትጫወታትን ሴት። ይሄን ሳውቅ ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ባልየው አይሪን ፊት ጥቁሮችን ሲሳደብ፣ ሚስቱን በምን ስም እንደሚጠራት ሲናገር፣ አይሪን ሳቅ ይይዛታል፣ የሚያስጨንቅ ሳቅ። የመጀመሪያውን ጊዜ አይሪንን ነበር ያየሁት። በሁለተኛው ክሌርን አየኋት። ፈገግ እንዳለች ናት። ፈገግታው አይወርድም፣ ዓይኖቿ ግን አይሪን ላይ ናቸው፣ «ዝም በይልኝ» እና «አየሽ እንዴት እንደምኖር» በአንድ ላይ ይላሉ። አንድ ቃል አልወጣትም። ያው የሚልድረድ ዝምታ ነው፣ አሁን በሳቅ ተሸፍኗል እንጂ።

ሃርለም ስትመጣ ደግሞ ሌላ ናት። ዳንሱ ላይ፣ ወጥ ቤት ካለችው ሠራተኛ ጋር ስታወራ፣ ትከሻዋ ይወርዳል። የናፈቃት ነገር ጋ ደርሳለች። ብዙ ሰው ክሌርን ሌባ አድርጎ ነው የሚያያት፣ የአይሪንን ቤት ልትወስድ የመጣች። ታሪኩም እንዲያ እንድናስብ ይገፋናል፣ ሁሉን የምናየው በአይሪን ዓይን ስለሆነ። እኔ ግን የማየው ወገኗ የናፈቃትን ሰው ነው። እዚህ አገር 15 ዓመት ቆይታችሁ፣ አንድ ቀን ቡና ሲወቀጥ ሰምታችሁ በማታውቁት ሰው በር ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆሜ አውቃለሁ። አፓርታማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ የሙቀጫው ድምፅ በግድግዳው ይመጣ ነበር፣ በሩን ለማንኳኳት ድፍረት አጥቼ ቆሜ ሰማሁት። ክሌር ግን ታንኳኳለች። መጥፎ ነገር ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀች ታንኳኳለች። ሩት ነጋ ይሄን ረሃብ አልደበቀችውም፣ አላሳመረችውም። አንዳንዴ ያስፈራል፣ ዓይኗ በልቶ የማይጠግብ ሰው ዓይን ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

በዚህ ሥራዋ በ2022 የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማትን በረዳት ተዋናይትነት አግኝታለች፣ ያ ሽልማት በትንሽ በጀት ለሚሠሩ ፊልሞች የተዘጋጀ ነው። ኦስካር ግን አላጫትም። በኔ አስተያየት ክሌር ከሚልድረድ ትከብዳለች። ሚልድረድን ማንም ይወዳታል። ክሌርን እንድትወዳት ተዋናይቷ ከአንተ ጋር መታገል አለባት።

ባለፈው ወር እህቴ አዲስ አበባ ለእማዬ «ፓሲንግ»ን ከፈተችላት። «ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ሌላ አልሠራችም ወይ» እያለች ስትወተውት ነው የቆየችው። ካየችው በኋላ በቫይበር ደወለችልኝ። እዚህ ንጋት ላይ ነበር፣ ለሥራ እየለባበስኩ።

«አየኋት» አለች። «ብዙ ታወራለች ይቺኛዋ።»

«አዎ።»

«ፈርታ ነው እንጂ ወሬ አትወድም።»

ጫማዬን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ተርጉማላት እንደሆነ ጠየቅኳት። አልተረጎመችልኝም አለች፣ ወጥ ቤት ነበረች።

«እናቷስ?» አለችኝ ከዚያ። «የልጅቷ እናት የት ናት? አንድም ቦታ ላይ አላየኋትም።»

እናቷ ታሪኩ ውስጥ የለችም አልኳት። አባቷ ሞቶ ነጭ አክስቶቿ ናቸው ያሳደጓት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም። ከበስተኋላዋ የሰፈራችን ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል፣ የሆነ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ትንፋሿን እሰማዋለሁ።

«ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።